ጀርባን መታሸት መቼ ይጠቅማል፣ መቼ ይጎዳል? ከአንኮበር የሚነሣ ታሪክ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። አንድ ፈረንጅ በሽተኛውን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን ጫን ሲለው «ቀጭ»፣ አንገቱን ድንገት ሲጠመዝዘው «ቋ» የሚል ቪዲዮ ትልኩልኝና «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ያድናል? እኔም ወገቤን ያመኛል» ትሉኛላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «እናቴ ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩህ ብላ አስቸገረችኝ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?» ትላላችሁ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ኦስቲዮፓት ወይም ካይሮፕራክተር ይባላል፣ የእናታችሁ ሰው ወጌሻ ይባላል፤ ሥራቸው ግን የአንድ ቤተሰብ ነው። «ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» ብዬ ከማልፍ ታሪኩን ላውጋችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምጀምረው በአንድ ልጅ ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ደብረ ብርሃን እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ዕድሜው 13 ገደማ ነው። ከአንኮበር ወዲያ፣ ቁልቁል ወደ ቆላው ከሚወርደው አገር ከእናቱ ጋር መጣ። ከብት ሲያግድ ከድንጋይ ላይ ወድቆ ነበርና ቤተሰቡ የጀርባውን ሕመም ከዚያ ጋር አያይዘውታል። ነገር ግን ከወደቀ አራት ወር አልፎታል። የውድቀት ሕመም ቢሆን እየቀለለው መሄድ ነበረበት፤ እሱን ግን እየባሰበት ሄደ። ማታ ማታ ያልበዋል፣ እህል አስጠልቶታል፣ ከስቷል። በሠፈራቸው የታወቁ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት።

ሽማግሌው ቅቤ ቀብተው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ሲዳብሱ መሐሉ ላይ ቆም አሉ። ደግመው ዳበሱት። ከዚያ ልብሱን አለበሱትና ለእናቱ «ልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም። ውልቃት ቢሆን እመልሰው ነበር፣ ወለምታም ቢሆን አሸው ነበር። ይሄን ግን ከውስጥ የሚበላው ነገር አለ። ሐኪም ቤት ውሰጂው» አሏት። ገንዘብም አልተቀበሉም። እናትየው ይህን ስትነግረኝ ቅር ብሏታል፤ ሽማግሌው ልጇን ገፍተው የመለሱባት ያህል ነው የተሰማት።

ልጁን ሳየው ጀርባው መሐል ላይ አንዲት አጥንት ሾል ብላ ወጥታለች። በመዶሻ ጉልበቱን ነካ ሳደርገው እግሩ ከሚገባው በላይ ይፈናጠራል፤ ይህ ኅብለ ሰረሰር መጨነቅ መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ኤክስሬዩ ላይ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተበልተው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርምሰዋል። ቀጥሎ የተደረጉት ምርመራዎችም አረጋገጡት፦ የአከርካሪ ቲቢ ነበር። እኚያ ሽማግሌ ያን ዕለት እንደ ልማዳቸው ጉልበታቸውን አሳርፈው ጫን ቢሉት ኖሮ ልጁ በእግሩ ወደ እኔ ላይመጣ ይችል ነበር።

የእኚህን ሰው ነገር ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ኤክስሬይ የላቸውም፣ መጽሐፍ የላቸውም። እንዴት አወቁ?

አንኮበርን ለማታውቋት፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ቁልቁል የአፋር ቆላ የሚታይባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ስለነበረች የፈረንጅ ሐኪምም ቀድሞ ካያቸው የአገራችን ቦታዎች አንዷ ናት። በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ሩፐርት ኪርክ የሚባል ሐኪም አብሮት ነበር። በዓመቱ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ወጥቶ ከአንኮበር ግርጌ አልዩ አምባ ተቀመጠ። በ1876 ደግሞ የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን በማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እየተመሩ መጡ፤ ንጉሥ ምኒልክም አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጧቸው። ቪንቼንዞ ራጋዚና ሊዮፖልዶ ትራቨርሲ የተባሉ ሐኪሞች በኋላ ጣቢያውን መርተዋል።

እነዚህ ሰዎች ለወባ ኪኒን ነበራቸው፣ ቁስል ማጠብና መስፋት ያውቁ ነበር። በአጥንት ነገር ግን ከአንኮበር ወጌሻ የተሻለ ዓይን አልነበራቸውም። ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው በማርች 1882 ነው፤ አንቲኖሪ ልጥ ማረፊያ ላይ ያረፈው በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው ከዚያም 13 ዓመት ዘግይቶ፣ በ1895 ነው። ስለዚህ በእነ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ ሰው በጉግስ ከፈረስ ወድቆ ወገቡ ቢጎዳ፣ የተማረው ሐኪምም ያልተማረው ወጌሻም በሰውነቱ ውስጥ ያለውን የሚያዩበት መሣሪያ አንድ ነበር፤ እጃቸው።

ስለ ወጌሻ ዕውቀት አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊቃውንቶቻችን ስለ ሥራ ሥርና ስለ ቅጠል በብራና የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ። የወጌሻ ሙያ ግን በአብዛኛው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነው። ትከሻ ሲወልቅ መመለስ፣ ወለምታ ማሸት፣ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ማሰር፤ በዚህ ሁሉ ብዙ ሰው ጠቅመዋል፣ ዛሬም ይጠቅማሉ። ችግሩ መዝገብ የለም። የዳነው ሰው ተመልሶ ይመሰክራል፤ ያልዳነው ወደ ጠበል ወይም ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ወጌሻው የዚያን ሰው መጨረሻ አይሰማም። እኛ ሐኪሞች ደግሞ የምናየው ያልዳነውን ብቻ ነው፤ ቀርከሃው ከመጠን በላይ ጠብቆ ጣቱ የጠቆረውን፣ እጁ ሊቆረጥ የመጣውን። እነሱ ድላቸውን ብቻ ያያሉ፣ እኛ ጥፋታቸውን ብቻ፤ ለዚህ ነው ስንነጋገር የማንግባባው።

ይህ አለመግባባት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሊቨርፑል ከተማ ኢቫን ቶማስ የሚባል፣ ቤተሰቡ ከዌልስ የመጣ ዝነኛ ወጌሻ ነበር። ከሐኪሞች ጋር ያለው ጠብ ሲያሰለቸው አምስቱን ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማራቸው። የመጀመሪያው ልጅ ሂው ኦወን ቶማስ ዛሬ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና አባት ይባላል። ስሙን የያዘው የእግር መደገፊያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሚስቱ በኩል ዘመዱ የሆነው ሐኪም ሮበርት ጆንስ እንዲስፋፋ ካደረገው በኋላ፣ በጭን አጥንት ስብራት ይሞት የነበረውን ወታደር ቁጥር ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 20 በመቶ ገደማ አወረደው። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የወጌሻ ልጅ ስለሆነ መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስና መጎተት ያውቅበታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱ ግን በቲቢ የተያዘ ዳሌ ወይም ጉልበት ሲያገኝ ንክች አላደርገውም ባይ ነበር። ዕረፍት፣ ረጅም ዕረፍት፣ ምንም የማያንቀሳቅስ ማሰሪያ። የትኛው መገጣጠሚያ የሚነካ፣ የትኛው የማይነካ እንደሆነ መለየቱ ነው ታላቅ ያደረገው።

በዚያው ዘመን፣ በ1867፣ ታዋቂው የለንደን ቀዶ ሐኪም ጄምስ ፓጀት ወጌሾች ስለሚያድኗቸው ሕመሞች ንግግር አድርጎ ነበር። ሐኪሞች እንዳይንቋቸው፣ ከሥራቸው መልካሙን ወስደው መጥፎውን እንዲተዉ ነው የመከራቸው። ከ150 ዓመት በላይ አልፎታል፣ እኛ ገና እዚያው ላይ ነን።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንድሩ ቴይለር ስቲል የሚባል ሐኪም በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር አጣ። የዘመኑ መድኃኒት ምንም አላደረገለትም፤ በመድኃኒት ላይ ያለው እምነት ተሰበረ። በ1874 ኦስቲዮፓቲ ያለውን መንገድ አስታወቀ፣ በ1892 ሚዙሪ ግዛት ኪርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት በየከተማው እየዞረ ራሱን እንደ መብረቅ ፈጣን ወጌሻ ብሎ ያስተዋውቅ ነበር። በ1895 ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ የአንድ መስማት የተሳነው የጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ተጭኜ ጆሮውን ከፈትኩለት ብሎ ካይሮፕራክቲክን ጀመረ። ሁለቱም የወጌሻን እጅ ወሰዱ፤ ላዩ ላይ ግን ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ጫኑበት፤ በሽታ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአከርካሪ መዛባት ይመጣል የሚል። እጁ የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ንድፈ ሐሳቡ ግን ስህተት ነው። የጆሮ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም በሽታ አከርካሪ በመጫን አይድንም፤ «ይድናል» የሚላችሁ ሰው ካለ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጡ ውጡ። (አሜሪካ ያሉት ኦስቲዮፓቶች ዛሬ እንደ እኔ መድኃኒት የሚያዝዙ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሙሉ ሐኪሞች ናቸው፤ አውሮፓ ውስጥ ግን ስሙ በአብዛኛው በእጅ ብቻ ለሚያክሙ ነው።)

አሁን ወደ ልጁ ጀርባ ልመልሳችሁ፤ የታሪኩ ከባድ ክፍል እዚህ ጋ ነውና።

የጎበጠን ጀርባ በጉልበት ማቅናት ጥንታዊ ምኞት ነው። ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም በተጻፈው የመገጣጠሚያ መጽሐፍ ውስጥ በሽተኛውን እንጨት ላይ አስተኝቶ ከራስና ከእግር እየጎተቱ ጉብታውን መጫን ተገልጿል። ሌሎች ደግሞ በሽተኛውን መሰላል ላይ አስረው ከላይ ይለቁት ነበር፤ መጽሐፉ እነዚያን ለተመልካች ብለው የሚያደርጉ ናቸው ብሎ ይነቅፋቸዋል። (የዛሬዎቹን የቲክቶክ ቪዲዮዎች ቢያይ ምን ይል ይሆን?) ይኸው መጽሐፍ ጀርባቸው ከፍ ብሎ የጎበጠ ሰዎች ሳንባቸው ላይም እባጭ እንደሚገኝ አስተውሏል። የሳንባና የአከርካሪ ቲቢ አንድ በሽታ መሆኑን ማንም ሳያውቅ ማለት ነው። በ1779 እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት የጀርባ ጉብጠትና የእግር ሽባነት አብረው የሚመጡበትን በሽታ ጻፈ፤ ዛሬም ሐኪሞች የአከርካሪ ቲቢን የፖት በሽታ እንላለን።

ከዚያ 1896 መጣ። እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት መጨረሻ፣ ዣን ፍራንስዋ ካሎ የሚባል ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ለፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አንድ አዲስ ዘዴ አቀረበ። የሚሠራው በርክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የአጥንት ቲቢ የያዛቸው ሕፃናት በሚተኙበት ሆስፒታል ነው። ሕፃኑን በክሎሮፎርም ያስተኛል፣ ረዳቶቹ ከራስና ከእግር ይጎትታሉ፣ እሱ ጉብታውን በእጁ በኃይል ይጫናል፤ ጀርባው ቀጥ ሲል በጀሶ ይጠቀልለዋል። ዝናው አውሮፓን አዳረሰ፣ ሌሎች ሐኪሞችም ተከተሉት። ብዙ አልቆየም። የሞቱ ሕፃናት፣ እግራቸው ሽባ የሆነ ሕፃናት፣ ጀሶው ሲፈታ ጉብታቸው ተመልሶ የወጣ ሕፃናት ወሬ ከየአገሩ መጣ። ካሎ ራሱ ዘዴውን ተወው።

ካሎ አላዋቂ አልነበረም፤ የተማረ፣ የተከበረ፣ ለሕፃናቱ የሚያዝን ሐኪም ነበር። የጎደለው የእጅ ብልሃት አልነበረም። ከእጁ በታች ያለው አጥንት በበሽታ የተበላ ነበር፤ የተበላ አጥንት ሲጫኑት አይቃናም፣ ይደረመሳል፣ ሲደረመስ ከኋላው ያለውን ኅብለ ሰረሰር ይጨፈልቃል። የአንኮበሩ ሽማግሌ በአውራ ጣታቸው ያገኙት ይህንኑ ነው። ካሎ ተጫነ፣ እሳቸው አልተጫኑም።

ስለዚህ «ልታሽ ወይስ አልታሽ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ መልሴ የሚወሰነው በአሺው ማንነት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የእናንተ ጀርባ ውስጥ ምን እንዳለ መታወቅ አለበት።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ አይደለም። ከአሥር ሰው በዘጠኙ ገደማ ከበሽታ ወይም ከስብራት የሚመጣ ሳይሆን ከጡንቻ፣ ከጅማትና ከመገጣጠሚያ መጎዳት የሚመጣ ነው። እንስራ ወይም እንጨት ተሸክማ ዳገት የወጣች፣ ኩንታል ያነሣ፣ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የምትሰፋ፣ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ የሚውል፤ ሕመሙ ከአንድ እንቅስቃሴ ጋር የጀመረ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል፣ ትኩሳት የሌለው፣ ክብደት ያልቀነሰ፣ እግር ያልደከመ። እንዲህ ዓይነት ሰው በሠለጠነ ሰው እጅ ጀርባው ቢታሽና ቢንቀሳቀስ ሊጠቅመው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ውስጥ አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስና መታሸት ሊሰጡ ከሚችሉ ሕክምናዎች መካከል ናቸው። የእንግሊዝ አገር መመሪያ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ብቻውን አይደለም፣ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር እንጂ። ጥቅሙም መጠነኛ ነው፤ ሕመም ያስታግሳል፣ ተአምር አይሠራም። መታሸቱን ወዳችሁ እንቅስቃሴውን ከተዋችሁት ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። በነገራችን ላይ ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የወገብ ቀበቶንና በመሣሪያ ወገብ መጎተትን ለዚህ ሕመም አይመክርም፤ ቀበቶ ታጥቃችሁ የምትውሉ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ።

«ቀጭ» የሚለው ድምፅስ? አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። መገጣጠሚያው ድንገት ሲላቀቅ በውስጡ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር የአየር አረፋ ነው፤ ጣታችሁን ስታንቋቁ ከምትሰሙት የተለየ አይደለም። ድምፁ መሰማቱ የመዳን ምልክት አይደለም፣ አለመሰማቱም የመክሸፍ ምልክት አይደለም። «ዲስክህ ተንሸራቷል፣ ገፍቼ አስገባዋለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዲስክ እንደ መሳቢያ ወጥቶ የሚገባ ነገር አይደለም። ያብጣል ወይም ይፈስሳል፤ የአብዛኛው ሰው ሕመም ደግሞ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በራሱ ይቀንሳል።

የማይነካው ጀርባ የትኛው ነው? በመጀመሪያ የቲቢው። በአገራችን ከሦስት የቲቢ ሕሙማን አንዱ ገደማ በሽታው ያለው ከሳንባ ውጪ ነው፤ ከአጥንት ውስጥ ደግሞ ቲቢ አብልጦ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው። ሳል ላይኖር ይችላል፣ የደረት ኤክስሬይም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆይ፣ ተኝታችሁም የማይለቅ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ነው። ማታ ላብ፣ መክሳት፣ ጀርባ መሐል ላይ ሾል ያለች አጥንት፣ ከዚያም የሚብረከረክ እግር። ልጅ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ፤ ሕፃን ልጅ ለሳምንታት ጀርባዬን እያለ ማልቀስ የለበትም፣ ካለ ከመታሸቱ በፊት መመርመር አለበት። ቤተሰቡ ሁልጊዜ አንድ ውድቀት ያስታውሳል፤ የትኛው እረኛ ያልወደቀ አለ?

ጥሬ ወተት መጠጣት በለመደው አካባቢያችን ብሩሴሎሲስ ይህን የሚመስል የወገብ ሕመም ያመጣል፤ ትኩሳቱ የሚመጣ የሚሄድ፣ መገጣጠሚያ የሚቆረጥም ነው። ይህም መድኃኒት እንጂ እሽት አያሻውም። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ቢጀምረው ካንሰሩ ወደ አጥንት ሄዶ እንደሆነ ሳይታይ ማንም እንዳይነካው። እናቶቻችንስ? የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ አጥንት ይሳሳል፣ ትንሽ ጫና ይሰብረዋል። ለአስምም ለቁርጥማትም እያሉ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ብዙ ሰዎች አያለሁ፤ የእነሱም አጥንት ወጣት ሆነው እንደ አሮጊት አጥንት ሊሳሳ ይችላል። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም በኃይል መታሸት የለበትም።

አንዱን ግን ለብቻው ልጻፈው። ወገባችሁን ያማችሁ ሆኖ በብልታችሁና በመቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካላችሁ ወይም ካመለጣችሁ፣ ሁለት እግራችሁ ከከዳችሁ፣ ወጌሻም ፊዚዮቴራፒም ነገም አይደለም። ያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ነው። ወደ ታች የሚሄዱት ነርቮች ታንቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሰዓት ነው።

አንገት ደግሞ ከወገብ የከፋ ነው። በአንገት አጥንቶች ውስጥ አልፈው ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት የደም ቧንቧዎች አሉ። አንገት ድንገት ሲጠመዘዝ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ሊቀደድ፣ ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው፣ ሲደርስ ግን ወጣቱንም አይምርም። ስለዚህ ፀጉር ቤት ጭንቅላታችሁን አሽቶ ሲጨርስ አንገታችሁን ይዞ «ዘና በል» የሚለውን ልጅ እጁን ያዙት። ማሸቱ ይበቃል፣ ማስጮሁ ይቅር።

ወጌሾቹንስ ምን እናድርጋቸው? መንግሥት ይህን ጥያቄ ቀድሞ አግኝቶታል፤ በ1948 የወጣው የሕክምና ባለሙያዎች ምዝገባ አዋጅ ማኅበረሰቡ የሚያውቃቸውን ባህላዊ አካሚዎች ለሕይወት አደገኛ እስካልሆኑ ድረስ አልከለከለም። «አደገኛ» የሚለውን ግን ማን ያስተምራቸው? በ2005 ዶ/ር መኮንን እሸቴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ አለ። ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ከጠበቀ እሥር የተነሣ ተበላሽተው የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቀነሱ። የተሰበረ እጅ ላይ የሠራ ነገር ጀርባ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የምንነግራቸውም ረጅም አይደለም፦ ላብ፣ መክሳት፣ የሌሊት ሕመም፣ የደከመ እግር፣ ሾል ያለች አጥንት ካያችሁ አትጫኑ፣ ላኩልን። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፤ አንድ ቀን ከየወረዳው ወጌሾች ተጠርተው እዚያ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ አዳራሽ ቢቀመጡ ሁለቱም የሚማሩት አለ።

እናንተ ደግሞ ምልክቶቹ ከሌሉባችሁና መታሸት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠይቁ፤ ጎንደርን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያሠለጥኗቸው ባለሙያዎች አሉ፣ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። የምትሄዱት ወጌሻ ዘንድ ከሆነ ግን ከመጀመሩ በፊት ይጠይቃችሁ እንደሆነ አስተውሉ። መቼ ጀመረህ፣ ሌሊት ያምሃል ወይ፣ ከስተሃል ወይ የማይል ሰው እጁ የቱንም ያህል ቢመሰገን ጀርባችሁን አትስጡት። በሚታሽበት ጊዜ ወደ እግር የሚወርድ ንዝረት ወይም መደንዘዝ ከመጣ አስቁሙት። በማግስቱ ትንሽ ጡንቻ ቢያማችሁ የተለመደ ነው፤ የእግር ድካም ግን የተለመደ አይደለም።

የአጥንት ቲቢ መድኃኒት በአገራችን 12 ወር ይወሰዳል፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። ቶሎ ለተጀመረለት ሰው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ ይድናል። የዘገየው ግን ጉብጠቱ አብሮት ይኖራል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ጀርባቸው የጎበጠ ልጆችን እየመረመሩ፣ በጣም የከፋባቸውን ወደ ጋና፣ ቀዶ ሐኪሙ ኦሄነባ ቦአቺ አጄይ ዘንድ ይልካሉ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ በቲቢ የጎበጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ጀርባ በእርግጥ ይቃናል፤ ግን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ የነርቩ ሥራ እየታየ፣ በብረት ተደግፎ ነው።

ልጁ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨረሰ። የመጨረሻ ቀጠሮው ላይ ሲመጣ ወፍሯል፣ ቁመትም ጨምሯል፣ ከመናኸሪያ በእግሩ ነው የመጣው። ጉብታዋ ግን ትንሽ እንዳለች ቀርታለች። እናቱ ከጓዟ ውስጥ የቆሎ ቋጠሮ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተርዬ፣ አሁን እኮ ድኗል፤ ይቺን የቀረችውን እንኳ ቢያሹለት አይሆንም?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት።

«እሳቸውም እንደዚያው አሉኝ» አለች።